ሆድ ይፍጀው የማይባል መድኃኒት

የክብደት መቀነሻ መርፌ የሚወስዱ ሰዎችን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። አይናገሩም። ዘመድ ሲጠይቅ «እራት ትቼ ነው» ይላሉ። የሥራ ባልደረባ ሲጠይቅ «በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁ» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። የገዛ ሰውነታቸው ነው፣ ደግሞ «በመርፌ ነው የከሳችው» ተብሎ መታማትን ማን ይወዳል? ዘመድና ባልደረባ ባያውቁ የሚጎድል ነገር የለም። ማደንዘዣ የሚሰጣችሁ ሐኪም ካላወቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ጨጓራ ነው። መርፌው ተገቢ ነው አይደለም፣ ሰነፎች ናቸው የሚወስዱት ምናምን የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። እሱ ክርክር ራሱ ጨጓራ የሚልጥ ነው።

የምላቸው መድኃኒቶች ሴማግሉታይድ (ኦዜምፒክና ዊጎቪ እየተባለ የሚሸጠው)፣ ቲርዜፓታይድ (ማውንጃሮና ዜፕባውንድ) እና በየቀኑ የሚወጋው ሊራግሉታይድ (ሳክሴንዳ) ናቸው። ሦስቱም የተሠሩት ምግብ ሲደርሰው አንጀታችን የሚያመነጨውን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን በማስመሰል ነው። ቲርዜፓታይድ ሌላ አንድ ሆርሞንም ደርቦ ያስመስላል። በነገራችን ላይ የዚህ ቤተሰብ ታላቅ ወንድም፣ በ2005 ለስኳር ሕመም የተፈቀደው ኤክሴናታይድ፣ መነሻው ጊላ የሚባል የበረሃ እንሽላሊት መርዘኛ ምራቅ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ በልቶ የሚኖር ፍጥረት ነው አሉ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

የራሳችን ሆርሞን ዕድሜው አጭር ነው። ደም ውስጥ ገብቶ ሁለት ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ግማሹ ይፈርሳል። በልተናል፣ ይበቃል፣ ጨጓራ ቀስ በል የሚል መልእክቱን አድርሶ ይሄዳል። ሴማግሉታይድ ግን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ብቻ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ቲርዜፓታይድ አምስት ቀን ገደማ። ማለትም መልእክቱ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። አንጎል «ጠግበናል» ይላል፣ ጨጓራ ደግሞ ያለውን ቶሎ ወደ አንጀት አይለቅም። ጨጓራና አንጀት የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ የጡንቻ ቀለበት አለ፣ እንደ በረኛ ነው፣ ምግቡ ደቅቆ ካልመጣ አያሳልፍም። መድኃኒቱ በረኛውን ጥብቅ፣ የጨጓራውን ግፊት ደግሞ ለስለስ ያደርገዋል። በአብዛኛው የሚያከሳው አንጎል ላይ የሚሠራው ሥራ ነው፣ የጨጓራው መዘግየት ግን አብሮ ይመጣል፤ በተለይ መጀመሪያ አካባቢ እና ዶዝ ሲጨመር። እየቆየ ሲሄድ ሰውነት ይለምደዋል፣ መዘግየቱም ይቀንሳል። ሁሉም ላይ ግን እኩል አይቀንስም፣ ጣጣው ያለውም እዚህ ላይ ነው።

«ትንሽ ያቅለሸልሻል» የሚለው አባባል በጣም ያናድደኛል። ቁጥሩን እንይ። ዊጎቪን ለፈቃድ ያበቃው፣ በ2021 የታተመው ትልቁ ጥናት 1,961 ሰዎችን 68 ሳምንት ተከታትሏል። መርፌውን የወሰዱት በአማካይ ከክብደታቸው ወደ 15 በመቶ ቀነሱ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ግን ከመካከላቸው 44 በመቶ ያህሉ አቅለሽልሿቸዋል፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት ደግሞ 17 በመቶ። ከአራት ሰው አንዱ አስመልሷል። ከአራት አንድ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ደግሞ የሆድ ድርቀት ነበረበት፣ ተቅማጥ ያየው ከሦስት አንድ ይጠጋል። አብዛኛው ቀላልና የሚያልፍ ነበር። በሆድ ምክንያት ጭራሽ ያቋረጡት 4.5 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ አትደንግጡ፣ ግን «ትንሽ» አትበሉት።

ዶዙ ቀስ እያለ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። ዊጎቪ በ0.25 ሚሊግራም ተጀምሮ በየአራት ሳምንቱ ከፍ እያለ 2.4 ለመድረስ 16 ሳምንት ይፈጃል። ያ ሁሉ ጊዜ ለማክሳት አይደለም፣ ጨጓራን ለማለማመድ ነው። ሰው ግን ይቸኩላል። ሠርግ አለብኝ፣ ጉዞ አለብኝ፣ እገሊት በሁለት ወር ይህን ያህል ቀነሰች። አንድ ደረጃ ዘሎ መውጣት ማለት ያልለመደ ጨጓራ ላይ የለመደ ሰው ዶዝ መጫን ነው። የሚያቅለሸልሸው ካልተሻለ ደግሞ በያዙት ዶዝ ላይ ተጨማሪ ወር መቆየት ወይም አንድ ደረጃ መውረድ ይቻላል፣ ሐኪም የሚያደርገው ነገር ነው፣ ጠይቁ። 2.4 መድረስ ግዴታ የሆነ ይመስል ጥርሳቸውን ነክሰው የሚቀጥሉ ሰዎች አይገቡኝም።

ከብልቃጥ በሲሪንጅ እየቀዱ የሚወጉት ደግሞ የባሰ ስጋት አለባቸው። ብዕር መሰሉ መርፌ ዶዙ የተለካ ነው፣ ብልቃጡ ግን አይደለም። ሲሪንጁ ላይ የተጻፈው ዩኒት ነው፣ የታዘዘው ሚሊግራም ነው፣ መሃል ላይ ሒሳብ አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን (ኤፍዲኤ) በ2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከታዘዘላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ የወጉ ሰዎች እንደነበሩ ጽፏል። አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ ማውጫ የለውም፣ ሳምንቱን ሙሉ እያስመለሱ መቆየት ነው፣ አንዳንዱም ሆስፒታል ይተኛል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክም አስጠንቅቋል። የት እንደተሠራ የማይታወቅ ብልቃጥ ከማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የምትገዙ ሰዎች፣ እባካችሁ።

አሁን ወደማይወራው ነገር ልምጣ። የሆድ ድርቀት።

ማቅለሽለሽ ይወራል፣ ማስመለስ ይወራል፣ ድርቀት ያሳፍራል መሰለኝ ማንም አያነሳውም። ሰው ትንሽ ሲበላ በተፈጥሮው ትንሽ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ሲዘገይ «ምን በልቼ ነው የሚወጣው» ብሎ ይተወዋል። ውኃ መጠጣትም ይረሳል፣ ምክንያቱም ከምግብ ፍላጎት ጋር ጥማቱም ይደበዝዛል። ያ ሁሉ ሲደማመር ይደርቃል። አንዳንዱ ከባድ የሕመም ማስታገሻ፣ በተለይ ከኦፒዮይድ ወገን የሆነው (እንደ ሞርፊን ያለው)፣ በራሱ አንጀትን ስለሚያዘገይ ሁለቱ ሲገናኙ ይብሳል። በ2023 ኤፍዲኤ የኦዜምፒክ መግለጫ ወረቀት ላይ አይሊየስ የሚባለውን ችግር እንዲጨመር አድርጓል። አይሊየስ ማለት አንጀት ሳይታሰር እንቅስቃሴው ሲቆም ነው። ምክንያቱ መድኃኒቱ መሆኑ በእርግጠኝነት ተረጋግጦ ሳይሆን፣ የደረሰባቸው ሰዎች ሪፖርት ስለመጣ ነው የተጨመረው።

ድርቀት ከዚህ የሚለየው በምንድን ነው? ቀላል ድርቀት ያስጨንቃል እንጂ ጋዝ ይወጣል። ሆድ እየተነፋ ሲሄድ፣ ሰገራ ብቻ ሳይሆን ጋዝም ሲቆም፣ ሕመሙ እየጨመረ ሲመጣና ማስመለስ ሲጀምር ግን እቤት ተቀምጦ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ማለስለሻ እየጨመሩ መጠበቅም አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ነገሩ ለማውራት ደስ አይልም፣ ግን ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ሁለት ሌሎች ሕመሞችንም ለይታችሁ ዕወቁ። አንደኛው የቆሽት መቆጣት ነው። ከላይ ሆድ መሃል ላይ የሚጀምር፣ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ የማይለቅ ከባድ ሕመም፣ ብዙ ጊዜ ከማስመለስ ጋር። ይህ ሲመጣ መርፌውን ማቆምና በዚያው ቀን መታየት ነው። ሁለተኛው የሐሞት ከረጢት ነው። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር፣ አንዳንዴ ወደ ትከሻ የሚሄድ፣ ከምግብ በኋላ የሚነሳ፣ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫነት ሊከተለው የሚችል። ቶሎ የሚከሳ ሰው፣ በምንም መንገድ ይክሳ፣ የሐሞት ጠጠር የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ መድኃኒቱ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል።

በ2023 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት በጣም ተወርቶለታል። እነዚህን መድኃኒቶች ለክብደት የወሰዱትን ቡፕሮፒዮን-ናልትሬክሶን ከሚባል ሌላ የክብደት መድኃኒት ጋር ሲያነጻጽር፣ የቆሽት መቆጣት 9 እጥፍ፣ የአንጀት መዘጋት 4 እጥፍ፣ የጨጓራ ሽባነት 3.7 እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው። «9 እጥፍ!» ተብሎ ርዕስ ተሠራበት። ከርዕሱ የቀረው ግን እያንዳንዳቸው በዓመት ከ1,000 ሰው ከ10 ያነሱትን ነው የነኩት የሚለው ነው። ደግሞም ከመዝገብ የተለቀመ ጥናት ነው፣ ማን የትኛውን እንደሚወስድ በዕጣ አልተመደበም። በዚያው ዓመት የወጣ፣ ከ17,000 በላይ ሰዎች በዕጣ ተመድበው የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ላይ የቆሽት መቆጣት ሴማግሉታይድ በወሰዱት ዘንድ አልበዛም። እኔ ከሁለቱ የምወስደው ይህን ነው፦ ብርቅ ነው፣ ግን አለ፣ ሲመጣ ደግሞ «መርፌው ነው፣ ያልፋል» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ነው ሰው የሚጎዳው።

ማስመለስና ተቅማጥ ሲበዛ ኩላሊትም ይጎዳል፣ ሰውነት ውኃ ከማጣቱ የተነሳ። ሽንት ከጠቆረና ከቀነሰ፣ ስትነሱ የሚያዞራችሁ ከሆነ፣ ውኃ እንኳ አልረጋ ካላችሁ፣ ቀጣዩን ዶዝ አትውጉ፣ ደውሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ታላቅ እህቴ ለኢንዶስኮፒ ቀጠሮ ነበራት። ቃር ስላስቸገራት ጨጓራዋን ሊያዩላት። አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ዓይኗን ከፎርሙ ሳታነሳ ትጠይቃለች። አለርጂ አለ? የለም። ስኳር፣ ደም ግፊት? የለም። «የሚወስዱት መድኃኒትስ?»

«የለም።»

«እታለም፣ መርፌውስ?» አልኳት።

«እሱ እኮ መድኃኒት አይደለም፣ ለክብደት ነው» አለችኝና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ምነው አፍሽን ብትይዥ ማለቷ ነው።

ነርሷ ብዕሯን አስቀምጣ ወጣች፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም መጣ። መቼ ነው የተወጉት? ዶዙ በቅርብ ተጨምሯል? ያቅለሸልሻል? ይነፋል? ግሳት አለ? እህቴ ግሳት ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ለሳምንታት የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ግሳት ነበራት፣ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም። ሐኪሙ ሆዷ ላይ ጄል ቀብቶ የአልትራሳውንዱን ጫፍ ከደረቷ አጥንት ሥር አስጠጋው። ባዶ ጨጓራ በስክሪኑ ላይ ተጨፍልቆ ነው የሚታየው አለን። የእሷ ክብ ነበር፣ ውስጡም ነጠብጣብ በነጠብጣብ።

«ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ እኮ አልበላሁም» አለች፣ እንደተከሰሰ ሰው።

«አምንዎታለሁ» አላት። «ጨጓራዎ ግን ገና አልጨረሰም።»

ምርመራው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም።

ነገሩ ለምን ከባድ እንደሆነ ልንገራችሁ። ንቁ ስንሆን ከጨጓራ ወደ ላይ የመጣ ነገር ወደ ሳንባ እንዳይገባ ጉሮሯችን ይዘጋል፣ እንስላለን፣ እንተፋለን። ሰመመን ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ይተኛል። ጨጓራ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ላይ ይመጣል፣ ከአሲዱ ጋር ሳንባ ይገባል። ይህ ሰው ሊገድል ይችላል። «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳትበሉ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ዘመናዊው ደንብ ለከበደ ምግብ 8 ሰዓት፣ ለቀለለ 6፣ እንደ ውኃ ላለ ንጹህ ፈሳሽ 2 ሰዓት ነው። ግን ይህ ደንብ የወጣው በተለመደው ፍጥነት ለሚሠራ ጨጓራ ነው። የዘገየ ጨጓራ ሰዓት አይቆጥርም። ደንቡን አክብሮ የጾመ ሰው ሆዱ ሙሉ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለቀዶ ሕክምና ብቻ አይምሰላችሁ። ኢንዶስኮፒ፣ የትልቁ አንጀት ምርመራ፣ ከባድ የጥርስ ሥራ፣ የውበት ቀዶ ሕክምና፣ «ትንሽ እናስተኛዎታለን» የሚባልበት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

ታዲያ ማቆም ነው? ሐኪሞቹም ራሳቸው ሐሳባቸውን ቀይረዋል። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር በሰኔ 2023 ለታቀደ ቀዶ ሕክምና በሳምንት አንዴ የሚወሰደውን ከሳምንት በፊት፣ በየቀኑ የሚወሰደውን በዕለቱ አቁሙ ብሎ ነበር። አሁን ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፣ የሴማግሉታይድ ግማሹ ለመውጣት አንድ ሳምንት ይፈልጋል። አንድ መርፌ መዝለል ግማሹን ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ ሙሉ በሙሉ ተጠራርጎ ለመውጣት አምስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በጥቅምት 2024 ማኅበሩ ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር ሆኖ ያወጣው መመሪያ ለስለስ ያለ ነው፦ አብዛኛው ሰው ሊቀጥል ይችላል፣ ግን በየሰዉ ይታይ። ገና ዶዝ እየጨመረ ያለ፣ ከፍተኛ ዶዝ ላይ ያለ፣ የሚያቅለሸልሸው ወይም ሆዱ የሚነፋ፣ ጨጓራን የሚያዘገይ ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። ለእነሱ ከቀኑ በፊት 24 ሰዓት ፈሳሽ ብቻ መውሰድ፣ በዕለቱ እህቴን እንዳዩዋት በአልትራሳውንድ መታየት፣ አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ «ሆዱ ሙሉ ነው» ብለው አስበው የመተንፈሻ ቱቦ በፍጥነት ማስገባት። ወር ሳይሞላው፣ በኅዳር 2024፣ ኤፍዲኤ ይህንኑ ስጋት በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ አስጻፈ።

ለስኳር ሕመም የምትወስዱት በራሳችሁ አታቁሙ፣ ስኳሩ ከፍ ሲል ራሱ ጨጓራን ያዘገያል። የእናንተ ሥራ መናገር ነው። ቀጠሮ ሲያዝ ጀምሮ፣ በዕለቱ ጠዋት አይደለም፣ ስሙን፣ ዶዙን፣ መጨረሻ የተወጋችሁበትን ቀን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሆዳችሁን ነገር። ግሳቱንም ጭምር።

ጭራሽ ከመጀመራቸው በፊት ደጋግመው ማሰብ ያለባቸውም አሉ። ጨጓራው ቀድሞውኑ በጣም የዘገየ ሰው ባይጀምረው ይሻላል። ስኳር ነርቩን የነካበት፣ ቆሽቱ ከዚህ በፊት የተቆጣበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ቲርዜፓታይድ የምትጀምሩ ሴቶች የምትውጡት የወሊድ መከላከያ ክኒን ካለ፣ ሲጀመርና ዶዝ በተጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ኮንዶም ወይም የማይዋጥ ሌላ መከላከያ ተጠቀሙ፣ ክኒኑ እንደ ወትሮው ላይሠራ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዛቱ ይገርመኛል።

አበላሉን በተመለከተ ብዙ አልልም። ትንሽ ትንሽ፣ ዘይት ቀነስ ያለ፣ ከበሉ በኋላ ቶሎ አለመተኛት። ሳህን መጨረስ የሚባል ነገር ቀርቷል፣ የመጀመሪያው ጥጋብ ሲሰማችሁ ማንኪያውን አስቀምጡ፣ ምክንያቱም ሁለት ጉርሻ ካለፋችሁ በኋላ የሚመጣው ጥጋብ ሳይሆን ማስመለስ ነው። አሰር ያለው ምግብ ጥሩ ነው፣ ያለ ውኃ ግን ድርቀቱን ያብሰዋል።

«እኔ መርፌ አይደለም የምወስደው፣ ክኒን ነው» የምትሉም አላችሁ። የሚዋጠው ሴማግሉታይድ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ በትንሽ ውኃ ስለሚወሰድ ቀለል ያለ ይመስላል። አንዴ ደም ውስጥ ከገባ ግን ያው ሴማግሉታይድ ነው፣ ያው አንድ ሳምንት። ፎርሙ ላይ እሱም ይጻፍ።